ከወለሉ ሥር ያለው

ባለፈው እትም ስለ አገልጋዮች ዕረፍት ስጽፍ እኔና ባለቤቴ እያደርንባት ስለምንጓዝባት መኪና በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሼ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ ዕረፍቱ ሳይሆን ስለ መኪናዋ ሆኑ! "እንዴት ሠራችኋት?" "ወለሏን በምን አለበሳችሁት? እኛም ልንጀምር ነው" ያላችሁኝ ባልና ሚስቶች ጥቂት አይደላችሁም። አንዲት እኅት ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ "መኪና ውስጥ መኖር ጀመራችሁ እንዴ? እንጸልይላችሁ ወይ?" ብላ ጽፋልኛለች። እኅቴ ሆይ፣ ጸሎቱን አልመልስም፤ ቤት ግን አለን።

እንግዲህ ዛሬ ስለ ወለሉ እጽፋለሁ። ወለሉን የሠራነው ሁለት ጊዜ ነው። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሠራነው ሳልናገር አሠራሩን ብቻ ብነግራችሁ ግማሽ እውነት ይሆንብኛል። ባለቤቴ ጽሑፉን አንብቦ እንዲወጣ ፈቅዷል። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ "ራስሽን አበዛሽበት፣ ቀንሺው" ብሎኝ ነበር፤ አልቀነስኩም።

መኪናዋ ምን ዓይነት እንደሆነች ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዎች ዕቃ መጫኛ የነበረ ቫን ይገዙና ውስጡን አልጋ፣ መደርደሪያና ትንሽ ምድጃ ሠርተውለት ይጓዙበታል። ካምፐር ቫን ይሉታል። ብዙዎች የሚሠሩት ለሽርሽር ነው። የእኛ ምክንያት ሌላ ነበር። የምንኖረው በዴንቨር ነው። ባለቤቴ በወር አንድ ጊዜ በኦማሃና በሱ ፎልስ የሚሰበሰቡ ወገኖችን ያገለግላል። ከዴንቨር ኦማሃ 870 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ሱ ፎልስ ለመድረስ ሌላ 290 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ወገኖቻችን ቤታቸውን ይከፍቱልናል፣ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ነገር ግን አብዛኞቹ በፈረቃ የሚሠሩ ናቸው፤ ባል ሲገባ ሚስት ትወጣለች። ልጆቻቸውን ከአልጋ አስነሥተው እኛን ሲያስተኙ ማየት ከበደን። በየጊዜው ሆቴል መያዝም አቅማችን አልፈቀደም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 መስከረም ላይ አሮጌዋን መኪናዬን ሸጠን፣ ጥቂት ጨምረን፣ የ2015 ሞዴል ፎርድ ትራንዚት ገዛን። ከእኛ በፊት የቧንቧ ሠራተኛ ዕቃውን ሲጭንባት የኖረች ናት።

በእንዲህ ዓይነት ሥራ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ወለሉ ነው። አልጋውም፣ ቁም ሣጥኑም፣ ምድጃውም የሚቆሙት በእሱ ላይ ስለሆነ በኋላ ላርመው ቢሉ ሁሉን ማፍረስ ይጠይቃል። የመኪናዋ ወለል ሸንተረር ያለው ላሜራ ነው፤ በዚያ ላይ በቀጥታ ምንም ነገር ተስተካክሎ አይቀመጥም። ላሜራው በክረምት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ሁለት ሰው በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲያድር ከትንፋሹ ብቻ ከአንድ ብርጭቆ የሚበልጥ ውኃ ይወጣል፤ ያ እርጥበት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በላሜራው ላይ ብርድ የሚከላከል ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ይነጠፋል፣ በፎሙ ላይ ኮምፔርሳቶ ይለብሳል፣ በኮምፔርሳቶው ላይ የሚታየውና የሚጠረገው ፕላስቲክ ምንጣፍ ይመጣል። ከሁሉ ከባዱ ሥራ መካከለኛው፣ ኮምፔርሳቶው ነው። የሚታየው ግን ምንጣፉ ብቻ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛው የተወውን የጎማ ምንጣፍ ስናነሣ ዝገት አገኘን። በተንሸራታቹ በር አጠገብና ዕቃ በሚታሰርባቸው ቀለበቶች ዙሪያ ቀይ ቡናማ ሆኖ ተሰራጭቷል። ባለቤቴ ተንበርክኮ በጣቱ ፋቅ ፋቅ አደረገና፣ "ይህን በሽቦ ብሩሽ አንሥተን፣ የዝገት መድኃኒት ቀብተን፣ አንቲረስት ቀብተን ነው መቀጠል ያለብን። ሦስት ቀንና ሰባ ዶላር ያህል ነው" አለኝ።

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? "ማን ያየዋል? ይሸፈናል እኮ።"

የኮምፔርሳቶውም ነገር እንዲሁ ሆነ። ኮምፔርሳቶ የሚሠራው ግንድ እንደ ወረቀት እየተላጠ፣ ስስ ንጣፎቹ የእንጨታቸው ጅማት አንዱ ወደ ጎን አንዱ ወደ ፊት እንዲሆን እየተነባበሩ በማጣበቂያ ተጣብቀው ነው። ጥንካሬው ከዚህ መስቀለኛ አደራረብ ይመጣል። ልዩነቱ ማጣበቂያው ላይ ነው፤ ለቤት ውስጥ ዕቃ የተሠራው ውኃ ሲነካው ይለቃል፣ ለውጭ የተሠራው ግን ይችላል። ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ለሦስት ሉህ ልዩነቱ ወደ መቶ ዶላር ይጠጋ ነበር። ባለቤቴ እጁን የውጩ ላይ ጫነ፤ እኔ የውስጡ ላይ። የቤታችንን ሒሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ፣ "እንቆጥብ" ስል ይሰማኛል። ሰማኝ።

አሁን የምነግራችሁ ባለቤቴ በዚያን ጊዜ የማያውቀውን ነው። ለመኪናዋ ብለን ለአሥራ ስምንት ወር በየወሩ 500 ዶላር ልናስቀምጥ ተስማምተን ነበር። በሒሳቡ 9,000 ዶላር መኖር ነበረበት። የነበረው 1,800 ዶላር ነው። በየወሩ 400 ዶላር አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ እልክ ነበር። ከሥራው ወጥቷል፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ ልጆቹ ተማሪዎች ናቸው። ሥራውን ያጣው በመጠጥ ነው። እናቴ በስልክ እያለቀሰች፣ "ልጄ፣ ለፓስተሩ እንዳትነግሪው። ምን ይለናል? ገመናችንን ሸፍኚልን" አለችኝ። ሸፈንኩ። ፍቅር የኃጢአትን ብዛት ይሸፍናል የሚለውን የጴጥሮስን ቃል (1ኛ ጴጥ 4፥8) ለራሴ እየጠቀስኩ ሸፈንኩ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ምሩቅ ስትሆኚ ለምታደርጊው ነገር ሁሉ ጥቅስ አታጪም!

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቆሜ "እንቆጥብ" ስል ቁጠባ አልነበረም። ካርዱ ቢያልፍስ ባያልፍስ እያልኩ ልቤ ይመታ ነበር።

የመጀመሪያውን ወለል በሁለት ቅዳሜ ጨረስነው። ቆንጆ ሆነ። ወገኖች እየመጡ አዩት፣ ፎቶ ተነሡበት፣ አንድ ሽማግሌ ዘይት ቀብተው ጸለዩበት። አንድ ወንድም ማሞቂያ ሰጠን። በኅዳር የመጀመሪያውን ጉዞ አደረግን፤ እስከ መጋቢትም አራት ጊዜ ተመላለስን። በነብራስካ መንገድ ላይ በክረምት ጨው ይረጫል፤ በረዶውና ጨው በጫማችን እየገባ በተንሸራታቹ በር አጠገብ ይቀልጣል። ሌሊት ደግሞ ትንፋሻችን አለ። በሦስተኛው ጉዞ ላይ ወለሉ ስንረግጠው መጮኽ ጀመረ። በአራተኛው ላይ ሽታ መጣ፤ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ሲቀር የሚሸተው ዓይነት። በበሩ አጠገብ ምንጣፉ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። እኔ እዚያ ላይ ሌላ ትንሽ ምንጣፍ አነጠፍኩበት። እውነቴን ነው። ኩፍ ባለው ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ።

በሚያዝያ 2023 አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ምንም ሳይለኝ አልጋውን ማውጣት ጀመረ። ወጥቼ አገዝኩት። ምንጣፉን ላጥነው፣ ኮምፔርሳቶውን በመፈንቀያ ብረት ሲያነሣው እንደ መጽሐፍ ቅጠል ቅጠሉ ተለያይቶ መጣ። ከሥሩ ያለው ዝገት ባለፈው መስከረም ካየነው እጥፍ ሆኗል፤ አንድ ቦታ ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ ወጥታ መሬቱ ይታያል። ባለቤቴ በጉልበቱ እንዳለ፣ ሳይቆጣ፣ ለማወቅ ብቻ ብሎ ጠየቀኝ፦

"ያን ጊዜ ሰባ ዶላሩን ለምን ከለከልሽኝ?"

"ስላልነበረን።"

"እንዴት አልነበረንም?"

ነገርኩት። ሁሉን። የእናቴን ልቅሶ፣ የወንድሜን መጠጥ፣ በየወሩ የላክሁትን። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ "ስንት?" "ሰባት ሺህ ሁለት መቶ" አልኩት። መፈንቀያውን አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ገባ። በማግስቱ እሑድ ነው። ሰባኪው እሱ ነበር። ሌሊቱን ለአንድ ወንድም ደውሎ "አንተ ስበክልኝ" ብሎት ኖሮ፣ ከኋላ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ። እኔ እንደ ልማዴ ፊት ወንበር ላይ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ከጉባኤው በኋላ "ፓስተር አሞታል እንዴ?" ላሉኝ ሁሉ "ትንሽ ደክሞት ነው" አልኩ። ያም ሌላ ምንጣፍ ነበር።

ሦስት ቀን ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ማታ እራት ላይ እንዲህ አለኝ፦ "ገንዘቡ ይመጣል። እኔ ለወንድምሽ በስሙ እየጠራሁ ስጸልይ፣ ሥራ እንዲያገኝ፣ ጌታ እንዲጠብቀው ስል፣ አንቺ አጠገቤ ተንበርክከሽ አሜን ትዪ ነበር። እኔ የማላውቀውን እያወቅሽ። እኔን ያቃጠለኝ አሜንሽ ነው።"

እኔም ግን መልስ ነበረኝ፤ ፍትሐዊ ለመሆን እሱንም መጻፍ አለብኝ። ከዓመት በፊት ስለ ስንፍና ሲሰብክ ከባሕር ማዶ በሚላክ ገንዘብ ስለሚጠጡ ወንድሞች የቀልድ ንግግር ተናግሮ ነበር። ጉባኤው ሳቀ። እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም። "ያን ከሰማሁ በኋላ ወንድሜ እንዲህ ሆኗል ብዬ እንዴት ልንገርህ?" አልኩት። ያን ንግግሩን ረስቶታል። የሰበከ ይረሳል፣ የሰማ አይረሳም። ረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ "ይህን ባውቅ አልናገረውም ነበር" አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ባላውቅም መናገር አልነበረብኝም" አለ።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ክፍል ላሳያችሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ኦሪት ዘሌዋውያን የጥናት ጽሑፍ ሠርቼ ነበር፤ ምዕራፍ 14ን ግን አሰልቺ መስሎኝ በአንድ አንቀጽ አልፌዋለሁ። በዚያ ሳምንት ተመልሼ አነበብኩት። ከቁጥር 33 እስከ 53 ያለው በሰው ገላ ላይ ሳይሆን በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ ነው። አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ፣ ከግድግዳው ገጽ ወደ ውስጥ የጠለቀ ይለዋል። ብዙ ተርጓሚዎች ሻጋታ ነው ይላሉ። ሥርዓቱን ልብ በሉ። ካህኑ ቤት ለቤት እየዞረ አይፈልግም። ባለቤቱ ራሱ ሄዶ፣ በቤቴ ደዌ የሚመስል ነገር ታየኝ ብሎ መናገር አለበት። እርግጠኛ እስኪሆን መጠበቅ አይጠበቅበትም፤ "የሚመስል" ይበቃል። ከዚያ ካህኑ ገና ሳይገባ ቤቱ ባዶ እንዲሆን ያዝዛል። ዕቃው ሁሉ ይወጣል። ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል። ደዌው ከሰፋ የተበከሉት ድንጋዮች ይነቀላሉ፣ ግድግዳው ይፋቃል፣ ሌላ ድንጋይና ሌላ ጭቃ ይገባል። ቤቱን ማፍረስ የሚመጣው ይህ ሁሉ ተደርጎ ደዌው ተመልሶ ከመጣ ብቻ ነው።

ይህን ሳነብ የገረመኝ ቤቱን ለማዳን የተሰጠው ጊዜና ድካም ነው። ቶሎ አፍርሱ አይልም። ቶሎ ቀቡትም አይልም።

ሌላም አለ። መዝሙር 32 የሚጀምረው ኃጢአቱ የተሸፈነለትን ሰው ብፁዕ ብሎ ነው፤ በቁጥር 5 ዳዊት በደሌን አልሸፈንሁም ይላል። በዕብራይስጡ በሁለቱም ቦታ ያለው ግስ አንድ ነው። የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ነው ልዩነቱ። እኔ የጴጥሮስን ቃል የወንድሜን ገመና ለመሸፈን የጠቀስኩት መስሎኝ ነበር። የሸፈንኩት የራሴን ነው። ወንድሜ መጠጣቱ የእሱ ነገር ነው፤ ባሌን አለማመኔ የእኔ ነው።

አሁን ደግሞ ለአገልጋዮች ሚስቶች ለብቻችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የካህኑ የራሱ ቤት ደዌ ቢወጣበትስ? ማን ጋ ይሄዳል? ምእመናን ትዳራቸው ሲታመም ወደ እኛ ይመጣሉ። እኛ ግን "ጉባኤው ምን ይላል፣ ለጠላት በር ይከፈታል" እያልን ሌላ ምንጣፍ እናነጥፋለን። ባለቤቴ ወደ አንድ ጋሼና እትዬ ብለን ወደምንጠራቸው አረጋውያን እንሂድ ሲል እኔ ለሁለት ሳምንት እንቢ ብያለሁ። በሌላ ከተማ የሚኖሩ፣ ከጉባኤያችን ጋር ምንም ንክኪ የሌላቸው ናቸው። በመጨረሻ ሄድን። እትዬ ቡና አፍልተው እስከ ሦስተኛው ድረስ ምንም አልጠየቁንም። ከዚያ ጋሼ ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቴ፣ "ሒሳቡን አንድ ቀን አይተህ ታውቃለህ?" አሉት። "እተማመናታለሁ" አለ። "እሱማ መልካም። ግን ሸክሙን ብቻዋን ነው ያሸከምካት" አሉት። እኔ ተወቃሽ ሆኜ ሄጄ ሁለታችንም ተወቅሰን ተመለስን። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያሉ ሰዎች የሌሏችሁ ካላችሁ፣ ነገር ሳይመጣ ፈልጓቸው። ከጉባኤያችሁ ውጭ ይሁኑ፣ በዕድሜ የሚበልጧችሁ ይሁኑ፣ ሁለታችሁንም መውቀስ የሚችሉ ይሁኑ።

ወደ ወለሉ ልመለስ፣ ቃል ገብቻለሁና።

ሁለተኛውን ወለል ለመሥራት ከግንቦት እስከ ሰኔ አጋማሽ ፈጀብን። በመጀመሪያ ሁሉን አወጣን። ጋራዡ ሞላ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ፋቅነው፤ ይህ ብቻ ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። ዓይናችሁንና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሥሩ። ምስር የምታህለዋን ቀዳዳ በጉባኤያችን ያለ አንድ መካኒክ ወንድም ትንሽ ላሜራ በየደልን ዘጋልን። ከዚያ የዝገት መድኃኒቱን ቀባን፤ በቀረው ዝገት ላይ ሲያርፍ ወደ ጥቁር ይለውጠዋል። አንድ ቀን ሙሉ አደረቅነው፣ አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ በላዩ ቀለም። ባለቤቴ ሲቀባ እኔ እይዝለት ነበር። ብዙ አልተነጋገርንም፤ ነገር ግን አንዳችን ስንወጣ አንዳችን አንወጣም ነበር።

የሸንተረሮቹን ጉድጓድ በስስ የፎም ቁራጭ ሞላን፣ በላዩ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም። ወፍራሙን ብትጠቀሙ ይበልጥ ይሞቃል፤ ነገር ግን ባለቤቴ ረጅም ነው፣ ጭንቅላቱ ጣሪያ ስለሚነካ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ይቆጠራል።

ቅርጽ ማውጣቱ የእኔ ሥራ ነበር፣ ልብስ ስለምሰፋ። የመኪና ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በሜትር ብቻ ለክቶ መቁረጥ አይቻልም። የካርቶን ቁርጥራጮችን ጎማው በሚገባበት ጉብታና በግድግዳው ጠርዝ ላይ እያስጠጋን በፕላስተር እናያይዛቸዋለን፣ ልክ እንደ ቀሚስ ንድፍ። ያን ኮምፔርሳቶው ላይ አስቀምጠን እንሥላለን። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ ካርቶኑ ላይ "ላይ" እና "ፊት" ብላችሁ ጻፉ። እኔ አንዱን ገልብጬ አስቀምጬ የግራውን ጉብታ ለቀኝ ቆረጥኩት። ግማሽ ሉህ ባከነ። ባለቤቴን ፈርቼ ቀና ስል እየሳቀ ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኮምፔርሳቶው 12 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ደረጃ ያለው ነው። አንዱ ሉህ 1.22 በ2.44 ሜትር ስለሆነ በአግድም ብታነጥፉት ሦስት ይበቃል፤ አንዱ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ብቻችሁን አትሸከሙ። ከመግጠማችሁ በፊት ከላይም ከሥርም ቫርኒሽ ቀቡት። ኖኅ እንኳ መርከቡን በውስጥም በውጭም ነው የለቀለቀው (ዘፍ 6፥14)። ጠርዙን ደግሞ ከሌላው ይልቅ ደጋግማችሁ ቀቡት፣ ሦስት ጊዜ፤ ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ በኩል ነው። ከግድግዳው ጋር አታጣብቁት፤ እንጨት በእርጥበት ስለሚሰፋ ዙሪያውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ተዉለት። በመጋጠሚያዎቹ ሥር ፎሙን ጎድጎድ አድርገን ስስ ጣውላ አስገባንና በኮላና በአጭር ብሎን አያያዝናቸው።

ወለሉን ለመያዝ ብላችሁ ላሜራውን በትራፓኖ አትብሱ። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ከሥር የነዳጅ ታንክ፣ የፍሬን ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ደግሞም እያንዳንዱ አዲስ ቀዳዳ አዲስ የዝገት በር ነው። እኛ የዕቃ ማሰሪያ ቀለበቶቹ ድሮውኑ የነበሯቸውን ቀዳዳዎች ተጠቀምን፤ የቀረውን በጠንካራ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው እስኪይዝ ክብደት ይፈልጋል። የጤፍ ዱቄት ከረጢቶች፣ የውኃ ጄሪካኖች፣ የባለቤቴን የኮሜንታሪ መጻሕፍት በሙሉ ደረደርንበት። መጻሕፍቱ በዚያ ሌሊት የሠሩትን ያህል ሠርተው አያውቁም፤ ይህን ያልኩት እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

የወንድሜን ነገር ሳልጨርስላችሁ ቀረሁ። አሁን ከሁለታችን በጋራ በየወሩ 150 ዶላር ይሄዳል፤ ለእሱ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለልጆቹ ትምህርት ቤት። ይህን በስልክ የነገርነው አንድ ላይ ሆነን ነው። ተቆጣ። ለሰባት ወር አላናገረኝም፤ አሁንም ሲያናግረኝ እንደ እንግዳ ነው። እናቴም "ሸፍኚልኝ አልኩሽ፣ አወጣሽው" ብላ አዝናብኛለች። ባለቤቴ ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየሳምንቱ ለወንድሜ ብቻውን ይደውልለታል። ምን እንደሚነጋገሩ አልጠይቅም። አንድ ቀን ግን በሩ ክፍት ሆኖ ባለቤቴ ስለ ራሱ አባት መጠጥ ሲነግረው ሰማሁ። እኔ በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ አልሰማሁትም ነበር። ማታ ጠየቅኩት፤ ነገረኝ።

የሒሳቡን ወረቀት በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን። የሚያስደስት ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ጊዜ ተጣልተንበታል፣ አንዴ ስለ ጫማ።

ባለቤቴ ሁለተኛውን ወለል ሲጨርስ በተንሸራታቹ በር አጠገብ አንድ ነገር ጨመረ። በኮምፔርሳቶው ላይ የትልቅ መጽሐፍ ያህል ስፋት ያለው ክዳን ቆርጦ በአራት ብሎን ገጠመው፤ ምንጣፉም እዚያ ቦታ ላይ ለብቻው ይነሣል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባና ክረምት ሲወጣ፣ እንከፍተውና በባትሪ እናያለን። ባለፈው ወር ከፍተን አየን። በበሩ በኩል፣ ቀለሙ በተፋቀበት፣ ሳንቲም የምታህል ቡናማ ነጥብ አለች። ብሩሹን ከጋራዥ አውጥተነዋል፤ ቅዳሜ እንሠራዋለን።